ጣሪያ የሌለው ገዳም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ጾሙ እንዴት አለፈ? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ብርዱ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው እዚህ መጥቶ በረደኝ ብሎ ቢያለቅስ አገሩን ማሰደብ ነው። ይህን ለምታነብልዎ ለእህቴ ልጅ አንድ አደራ አለኝ፤ ወደ መጨረሻው ስለ ቆርቆሮ የጻፍሁት አለ። አያትሽ «ይበቃል፣ ደከመኝ» ቢሉሽ እንኳ እንዳትዘልዪው።

ባለፈው እሑድ እዚህ እንግሊዝ አገር ከሊድስ ወደ ሰሜን ሄጄ አንድ የፈረሰ ገዳም አየሁ። ፋውንቴንስ ይባላል፣ ምንጮች እንደ ማለት ነው፤ ሪፖን ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ስኬል የተባለ ትንሽ ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። የግንበኛ ልጅ ነኝና ብቻዬን መሄዴ ደግ ሆነ። አንድ ግድግዳ ሥር ተገትሬ ድንጋይ ስመለከት የሚታገሠኝ ሰው አይገኝም ነበር። በልጅነቴ ገበያ ስንሄድ የሰው አጥር አጠገብ ቆመው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ «ቱንቢ አልነካውም» ሲሉ ባለቤቱ እንዳይሰማ እጅዎን እየጎተትሁ ነበር የማሳልፍዎ። አሁን እኔው ራሴ ያንኑ ሳደርግ አንዲት ሴትዮ ቆማ አየችኝ።

ገዳሙን የመሠረቱት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1132 ዓ.ም. 13 መነኮሳት ናቸው፤ በእኛ በኩል ቅዱስ ላሊበላ ገና አልነገሠም። ዮርክ ከተማ የነበረው ገዳማቸው ምቾት አብዝቷል፣ ሥርዓት ላልቷል ብለው ተጣልተው ወጡ። የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ይህን ሸለቆ ሰጣቸው። እሾህና ድንጋይ ብቻ ነበር ይባላል። ታሪካቸው እንደሚያወሳው የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተጠልለው ነው፤ ረኃብ ሲጸናባቸውም የዚያኑ ዛፍ ቅጠል ቀቅለው በሉ። ከዚያ ፈረንሳይ ወደሚገኙት ሲስተርሲያን ወደሚባሉት መነኮሳት ልከው ከማኅበራቸው ገቡ። ስሙ እንግዳ እንዳይሆንብዎ፤ መንዲዳ ሥራ ይዘው በነበረ ጊዜ ያዩዋቸው፣ ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር የሚደርቡት ካቶሊኮች የዚሁ ማኅበር ልጆች ናቸው።

ድንጋዩን የፈለጡት ከዚያው ከሸለቆው ገደል ነው። ማጓጓዝ የለ፣ ፈልጦ እዚያው መጥረብ። በኖራ የተያያዘ ነው፣ ማዕዘኑ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፣ እጄን አስደግፌ አይቼዋለሁ። በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ጠራቢው የቀረጻት ትንሽ ምልክት አለች፤ የማን ሥራ እንደሆነ የምትለይበት። እርስዎ ከማዕዘን ድንጋይ ጀርባ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በመሮ የሚያኖሯት መስቀል ትዝ አለችኝ። እነዚህ ግን በግልጽ በፊት ለፊት ነው ያኖሩት።

ከሁሉ ያስገረመኝ ዕቃ ቤቱ ነው። ርዝመቱ 90 ሜትር ያህል ይሆናል፤ መካከሉ ላይ ዓምዶች ተሰልፈው ቅስቱ ከየዓምዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥቶ ጣሪያውን ይሸከማል። በአንዱ ጫፍ ወንዙ ከሥሩ ያልፋል፤ ሕንፃውን በውሃ ላይ ነው የሠሩት። ከላይ ይተኙ የነበሩት የጉልበት ሥራ የሚሠሩት ወንድሞች ናቸው። ማንበብ አይችሉም፣ በማኅሌት አይቆሙም፤ ያርሳሉ፣ ይገነባሉ፣ በግ ይጠብቃሉ፣ ጸሎታቸው አጭር ነው። አባባ፣ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ቦታዎ ከእነርሱ ጋር ነበር። ቅኔ ማኅሌቱን ሠርተው ሲያበቁ ውጭ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄዎ አላውቅም።

ሀብታቸው እንደ መንዝ ሰው በግ ነበር። ሱፉን የጣሊያን ነጋዴዎች ይገዟቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ገና በበጉ ጀርባ ላይ ያለውን፣ የመጪዎቹን ዓመታት ሱፍ ጭምር አስቀድመው ይሸጡት ነበርና ዕዳ ውስጥ ወደቁ። ቅጠል ቀቅለው ከበሉት ሰዎች የመንፈስ ልጆች ይህ ይጠበቃል? ማማውንም አየሁት፤ ወደ 50 ሜትር የሚደርስ፣ ሂዩቢ የተባለ አበምኔት ያሠራው። በጥንቱ ሥርዓታቸው የድንጋይ ማማ መሥራት ክልክል ነበር። ቱንቢው ልክ ነው፣ ልቤን ግን ያን ያህል አልሞላውም።

ማማው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው በ1539 ገዳሙ ተዘጋ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮሙ ጳጳስ ጋር ተጣልቶ የአገሩን ገዳማት ሁሉ ዘጋ፣ ርስታቸውን ወሰደ። የመጨረሻው አበምኔት ቁልፉን አስረክቦ በየዓመቱ 100 ፓውንድ ጡረታ ተቆረጠለት። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ የግራኝ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን አቃጥሎ ነበር፤ ቆይቶ ግን ዳግም ተሠራ። እዚህ ማንም አላቃጠለም። የንጉሡ ሰዎች መሰላል አቁመው ጣሪያው የተሸፈነበትን የእርሳስ ብረት ገፈው አቀለጡት፣ ደወሉን አወረዱ፣ ሄዱ። የቀረውን ዝናብ ጨረሰው። ቆየት ብሎም አንድ ጌታ ከፍርስራሹ ድንጋይ እየወሰደ እዚያው አጠገብ ቤቱን ሠራበት፤ ቤቱ ዛሬም አለ፣ ያማረ ነው። እርስዎ ቢያዩት ድንጋዩን ከየት እንዳመጣው ሳይነግሩዎ ያውቁ ነበር።

ቤተ መቅደሱ መካከል ላይ ስቆም ዝናብ ጀመረኝ። ግድግዳው እንዳለ፣ የመስኮቱ ቅስት እንዳለ፣ ሣሩ እግሬ ሥር፣ ውሃው አናቴ ላይ። ያን ጊዜ ነው የእርስዎ መኝታ ቤት የታወሰኝ።

ለቆርቆሮ ብዬ ለገና የላክሁት ገንዘብ ለደብሩ አጥር እንደዋለ ሰምቻለሁ። አልተቆጣሁም፤ ትንሽ ነው የተቆጣሁት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ የስንቱን ቤት ሠርተው ሌሊት በራስዎ ቤት ሳፋ ከአልጋ ወደ ጥግ ሲያዞሩ ያድራሉ። ግድግዳው ጽኑ ነው ይሉኛል። የእነዚያም ጽኑ ነበር።

አሁን የላክሁት ለሌላ እንዳይውል ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ቆርቆሮው 32 ጌጅ ይሁን፣ ስሱን 35 ርካሽ ነው ብለው እንዳያስገዟት። ግንቦት ሳያልቅ ይለቅ። ሠራተኞቹን ከታች ወንበር ላይ ተቀምጠው መቆጣጠር ይፈቀድልዎታል። የእህቴ ልጅ ሆይ፣ መሰላሉን ምሽት ምሽት ከጎረቤት ቤት አሳድሪው፤ እኛ ቤት ካደረ ጧት ቀድመው እንደሚወጡበት አውቃለሁ።

ልጅዎ