ስላደረገልኝ ሁሉ ምን እመልሳለሁ? (የምስጋና መልእክት)

ሰላም ወገኖቼ። ምን እንዳሳለፍኩ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ከስንት የኩላሊት እጥበት በኋላ ወንድሜ የሰጠኝ ኩላሊት እየሠራ ነው! ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን።

ከጎረቤቴ ከእማማ ሌላ ከማን ልጀምር? ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ድንች እንደ ልቡ አይበላም፤ ፖታሲየሙ ለልብ አደገኛ ነው። እማማ ይህን ከነርሷ ከሰሙ በኋላ ድንቹን ልጠው፣ ከትፈው፣ ማታ ይዘፈዝፉታል። ጠዋት ውሃውን ይደፉና በሌላ ውሃ ቀቅለው፣ ያንንም ደፍተው፣ ያለ ጨው አልጫ ይሠሩልኛል። ጣዕሙ? እውነት ለመናገር ምንም አይልም። እኔ ግን እየበላሁ አለቅስ ነበር። ደግሞ የፍልሰታው! እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ለእኔ ግን ፕሮቲን ያስፈልጋታል ስለተባለ በየቀኑ እንቁላል ቀቅለው ያመጡልኛል። እኔ ጴንጤ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ። "እማማ፣ ጾም አይደለም እንዴ?" ስላቸው "የምጾመው እኔ፣ የምትበይው አንቺ፤ ምን አገናኘው?" አሉኝ። ስለ ጸጋ ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ እንቁላል የገባኝ ግን የለም። እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ወንድሜ፣ ስለ አንተ መጻፍ አልቻልኩም። ኩላሊትህን ሰጥተኸኝ "ትርፍ ነበር" ብለህ ትቀልዳለህ። በቃ፣ እወድሃለሁ።

ሐኪሞቼና ነርሶቼ፣ የዕድራችን ሰዎች፣ የጸሎት ቡድናችን፣ ከዲሲ እስከ ዱባይ ያዋጣችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ጌታ ይክፈላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልበል። "በእምነቷ ዳነች" እያላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ፍቅራችሁ ገብቶኛል፣ ግን እባካችሁ ተዉት። አጠገቤ ባለው ማሽን ትታጠብ የነበረችው እህት ከእኔ በላይ ትጸልይ ነበር፤ አራቱን ሰዓት ሙሉ ከንፈሯ አያርፍም። ዛሬ የለችም። የእሷ እምነት ጎድሎ የእኔ ተርፎ ነው? በፍጹም! ለምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ሠርቼ ያገኘሁት አለመሆኑን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መዝሙር 116 ላይ ሰውየው "ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምን እመልሳለሁ?" ብሎ ይጠይቅና መልሶ ራሱ "የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ" ይላል፤ የመዳንን ጽዋ ማለቱ ነው። ምን ልክፈል ብሎ ጠይቆ እንደገና እጁን ይዘረጋል! ስእለቱን በሕዝብ ፊት የሚፈጽመው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሸክም አቀለለልኝ፤ ዕዳ ከፋይ ሆኜ መኖር አልችልበትም። ለጊዜው የእኔ መልስ ትንሽ ነው፦ የማይቋረጠውን መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ የወንድሜ ስጦታ እንዳይባክን። ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቦታ ስለተከለከልኩ፣ እጥበት ላይ ላሉት ጓደኞቼ ማሽኑ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት እደውላለሁ። ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ምግብ ነው፤ ውሃ እንኳ ተለክቶ የሚሰጠው ሰው ከምግብ ሌላ ምን ያወራል?

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ አደራ እንዳትቀየሙኝ፤ አንዳንዶቻችሁማ ደጃፌ ላይ ዕቃ አስቀምጣችሁ ማን እንደሆናችሁ እንኳ ሳላውቅ ሄዳችኋል። ልትጠይቁኝ የምትፈልጉ ደግሞ፣ ጉንፋን የያዛችሁ በስልክ ይብቃችሁ። ሌሎቻችሁ ማስክ አድርጋችሁ ኑ፣ ቡና አለ።