ስለ መንገድ ትከሻ፦ ለአውራ ጎዳናዎች ጥገና ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ከአዲስ አበባ በሚወጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ ብስክሌት ስጋልብ ኖሬአለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቼ የእንጦጦን ዳገት እወጣና በጎጃም መንገድ ሱሉልታ እደርሳለሁ፤ እግሬ ከታዘዘልኝ እስከ ጫንጮ እዘልቃለሁ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ስንወጣ ደግሞ ወይ በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ፣ ወይ በቡራዩ በኩል ወደ መናገሻና ሆለታ እንሄዳለን። ይህን ያህል ዓመት አንድን መንገድ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው የአስፋልቱን ጠባይ እንደ ጎረቤቱ ጠባይ ያውቀዋል። የምጽፍልዎት ከአስፋልቱ ጠርዝ ወዲያ ስላለችው አንዲት ሜትር ተኩል መሬት፣ ማለትም ስለ መንገዱ ትከሻ ነው።

በመሀል ከተማ የተሠራውን ሥራ አልክድም። ኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለእሑድ ጠዋት ከመኪና ነጻ ሲደረጉ ልጄን ይዤ ከወጡት አንዱ ነበርኩ፤ ከዚያም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይተን ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ መስመሩ የሚያልቀው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ለስፖርት የሚጋልብ ሰው ደግሞ ሥራውን «ሀ» ብሎ የሚጀምረው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሲወጡ ችግሩ ብዙም አይሰማም። ዳገት ላይ ፍጥነታችን በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ ጉድጓዱንም ድንጋዩንም አይቶ ለማለፍ ጊዜ አለ። ነገሩ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ሽቅብ ስንወጣ ትንፋሽ የነሣን ያው አየር ቁልቁል ስንወርድ እኛን የሚገታበት ጉልበት አይኖረውም፤ ስለዚህ ፔዳሉን ሳይመቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መድረስ ቀላል ነው። በዚያ ፍጥነት፣ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ እያሉ፣ ከኋላ የመጣ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ያለዎት ምርጫ ወደ ቀኝ መጠጋት ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል ግን መጠጊያ የለም። ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት ከብስክሌቴ ወርጄ ለካሁት፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ትከሻው አፈር ድረስ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ይወርዳል። ጠርዙም ቢሆን ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ ቀርቶ አይጥ የቀረጠፈው ቂጣ ይመስላል፤ አንዳንድ ቦታ ነጩ የጠርዝ ቀለም ከነአስፋልቱ ተቆርሶ ቦይ ውስጥ ወድቋል።

ጉድለቱ እንዴት እንደሚመጣ ለእርስዎ ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ሆኖም ለሌሎች አንባቢያን ስል በአጭሩ ልናገር። በአሮጌው አስፋልት ላይ አዲስ ንጣፍ በተደረበ ቁጥር መንገዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ትከሻው ግን አብሮት በገረጋንቲ ካልተሞላ ባለበት ይቀራል። ክረምት ሲገባ ከመንገዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ቦዩ በደለል ተሞልቶ ስለሚጠብቀው የጠርዙን ሥር ተከትሎ ይፈሳል፣ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፣ የአስፋልቱንም መሠረት ያርሰዋል። ከዚያ በኋላ ድንጋይና አሸዋ የጫነ መኪና አንድ ጊዜ ሲረግጠው ጠርዙ ይሰበራል፤ የመኪናውም መንገድ በየዓመቱ እየጠበበ ይሄዳል። ትከሻውን መሙላት እንግዲህ ለብስክሌተኛ ብቻ ተብሎ የሚወጣ ወጪ አይደለም።

ነሐሴ ላይ የደረሰብኝን እዚህ ላይ ብናገር ይፈቀድልኝ። ጉሙ ወርዶ አሥር ሜትር ርቀት በማያሳይበት ጠዋት ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ እየወረድኩ ሳለሁ፣ አንድ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ሊቀድመኝ ከወጣ በኋላ ከፊት ሚኒባስ ስለመጣበት ወደ እኔ ተመለሰ። የፊት ጎማዬ ከጠርዙ ወደቀ። ከጠርዝ የወረደ ሰው ፍጥነቱን እስኪያበርድ ቀጥ ብሎ መሄድ እንዳለበት ለጀማሪዎች የማስተምር እኔው ራሴ፣ በድንጋጤ መሪዬን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት፤ ጎማው በስንዝሩ ግድግዳ ላይ ተንሸራተተና አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። የቀኝ ትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ትከሻ የሌለው መንገድ ትከሻዬን ሰበረው እያሉ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያነሡኝ ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች ነበሩ፤ አንዷ ሸክሟን አውርዳ፣ መቀነቷን ፈትታ ክንዴን ከአንገቴ ጋር አንጠልጥላ አሰረችልኝ።

እኚህ እናቶች በየዕለቱ የሚሄዱት እኛ በምንጋልብበት ጠርዝ ላይ ነው። እኔ ብወድቅ ሄልሜት አለኝ፤ እነርሱ ግን ጎንበስ ብለው፣ በሁለት በኩል በተንሠራፋ ሸክም ሥር፣ ከኋላቸው የሚመጣውን እንኳ ዞረው ማየት አይችሉም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወተት ለማስረከብ በየመንገዱ ዳር የቆሙ ገበሬዎች፣ አህያ የሚነዱ ልጆች፣ በቡድን የሚሮጡ አትሌቶችና ተማሪዎች ሁሉ የሚሻሙት ያችኑ ጠርዝ ነው።

ብስክሌት በአገራችን ትናንት የመጣ ነገር እንዳልሆነ ያውቃሉ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ በቴሌቪዥን እየተመለከትኩ የቀናሁት በኮረብታዎቹ አይደለም፤ ኮረብታ እኛም አላጣንም። የቀናሁት በአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ዘጋቢዎቹ ስለ ጋላቢዎቹ ሲያወሩ እኔ የመንገዱን ዳር ስመለከት መዋሌን ባለቤቴ ሳትታዘበኝ አልቀረችም።

የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው። ከአዲሱ ገበያ ዳገት አንሥቶ እስከ ሱሉልታ ድረስ ያለው ትከሻ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በገረጋንቲ ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ከአስፋልቱ ጋር እኩል እንዲሆን፤ ቦዩም ከደለል እንዲጸዳ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ካልተቻለ ከቁልቁለቱ ኩርባዎች ይጀመር፤ ሜዳው ይቆየን። ከእንግዲህ የንጣፍ ሥራ ሲሰጥ ደግሞ የትከሻው ሙሌት በዚያው ውል ውስጥ እንዲካተት፣ ሥራ ተቋራጩም ይህን ሳይፈጽም ርክክብ እንዳይደረግ እለምናለሁ። የአፈር መንገዶች ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥቂት ሜትር ኮብልስቶን ቢነጠፍ ባጃጅና ትራክተር ጠጠር እየጎተቱ አስፋልቱ ላይ አይበትኑብንም። የውሃ መውረጃ ፍርግርጎች ብረታቸው ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲገጠም የብስክሌት ጎማ ይውጣል፤ አዙሮ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፈረንሳይና ስፔን ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን የሚቀድም መኪና 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ደንግገዋል፤ እኛም ዘንድ ቢደነገግ አልጠላም፤ ነገር ግን ሾፌሩ ቢርቅልኝም ባይርቅልኝም መውጫ የምትሆነኝን ያችን ሜትር ተኩል አስቀድማለሁ።

ይህን ጉዳይ ይዤ ሁለት ደጃፍ ረግጫለሁ። በአንደኛው ቦታው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው ተባልኩ፤ በሁለተኛው ደግሞ ከተማ ውስጥ የገባ ነውና እዚያው ጠይቅ ተባልኩ። የወሰኑን ነገር ለባለሙያ እተወዋለሁ፤ ስንዝር ከሁለት ጣቷ ግን ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ያው ናት።

ፈቃድዎ ከሆነ በመረጡት ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ገበያ፣ ዳገቱ የሚጀመርበት ላይ እጠብቅዎታለሁ። ብስክሌት አያስፈልግዎትም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግር ወጥተን እንወርዳለን። ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ እርስዎ ጥሩ ጫማ ያድርጉ፤ ቅጠል የተሸከሙት እናቶች ሲመጡ ደግሞ ወደ ዳር ልንልላቸው ስለሚገባን ትከሻው የት እንዳለ ያኔ አብረን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በጎጃም መንገድ ከሚመላለሱ ብስክሌተኞች አንዱ