ዘግይቶ የደረሰ መልስ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 9

ይድረስ ለምናፍቅሽ ወዳጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰበብ ብደረድርልሽ እንደምትስቂብኝ ስለማውቅ እተወዋለሁ። ጥያቄሽ ግን ከልቤ አልወጣም፤ የልማት ተነሺዎችንና የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችን ያነጋገርሽበት ጥናት የምርምር መጽሔት ላይ ወጥቶ ሲያበቃ፣ ያነጋገርሻቸው ሰዎች ዘንድ የሚመለስበትን ወጪ የሚሸፍን አለ ወይ ነበር ያልሽው።

አለ፤ ያውም እዚያው ደጃፍሽ ላይ። የካናዳው የማኅበራዊና የሰብአዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት «ኮኔክሽን» የሚለው ድጋፍ አለው። ለአዲስ ምርምር ሳይሆን የተሠራውን ወደ ሰው ለማድረስ የሚሰጥ ነው። ለጉባኤና ለዐውደ ጥናት ከ7 ሺህ እስከ 25 ሺህ የካናዳ ዶላር፣ ለሌላ የማዳረስ ሥራ ደግሞ እስከ 50 ሺህ ይሰጣል፤ የሥራው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ለሰፈሩ ሰዎች የምታሳትሚው ቡክሌትና የዕድር ስብሰባው ከሁለተኛው ወገን ይመደባል። ገምጋሚዎቹ ሦስት ነገር ይመዝናሉ፦ ሥራው ምን ያህል ይጠቅማል፣ በተባለው ጊዜና ገንዘብ ይሠራል ወይ፣ ሠሪዎቹስ ይችላሉ ወይ። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ በብዛት የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ሁሉም ስለ ጥቅሙ አሳምሮ ይጽፋል፤ ማን ይተረጉማል፣ ማን አዳራሽ ይፈቅዳል የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ልምጣ። ምክር ቤቱ ከሚሰጥሽ ገንዘብ ቢያንስ ግማሹን ያህል ከሌላ ወገን አምጪ ይላል፤ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዓይነት። 20 ሺህ ከጠየቅሽ 10 ሺህ ማሳየት አለብሽ፤ ተሳታፊ የሚከፍለው የመመዝገቢያ ገንዘብ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሰው ራሱን ያታልላል። «ዕድሩ ድንኳንና ወንበር ይሰጠናል፣ ወረዳው አዳራሽ ይሰጠናል» ብሎ ዝርዝሩን ይሞላል። መስጠቱንስ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን የ200 ወንበርና የአንድ ድንኳን የቀን ኪራይ በብር ተሰልቶ ወደ ዶላር ሲለወጥ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ስለዚህ የመዋጮውን ከባድ ክፍል ከዚያው ፈልጊ፦ ከትምህርት ክፍልሽ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከሕዝብ ግንኙነቱ የሠራተኛ ሰዓት፣ የስቱዲዮ ኪራይ። የዕድሩን ድርሻ ግን እንዳትተዪው፤ በገንዘብ ትንሽ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ሥራውን እንደሚፈልጉት ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። ለእያንዳንዱ መዋጮ ምን፣ ስንት፣ በገበያ ዋጋ ስንት ብር የሚል፣ ቀንና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልግሻል።

የኔ ምክር ትንሽ ጠይቂ ነው። 12 ሺህ ጠይቀሽ 6 ሺህ ብታሳዪ ይበቃሻል። እንዲህ ያለ ሥራ ሆቴልና ባነር አይፈልግም፤ የሚበላው ቋንቋና ጊዜ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገርሽ። እንግሊዝ አገር የዩኒቨርሲቲዎችን ምርምር የሚመዝነው ግምገማ ከመጽሔት ውጭ ለሚታይ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 20 በመቶ፣ በ2021 ደግሞ 25 በመቶ ነጥብ ስለሰጠ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለዚህ ሥራ ገንዘብ ይመድባሉ፤ እዚያ የጥናት አጋር ካለሽ ጠይቂው። እ.ኤ.አ. በ1941 የተቋቋመው የኒው ዮርኩ የዌነር ግረን ፋውንዴሽን ደግሞ ለአንትሮፖሎጂ ሰዎች ነው። እዚህ አገር ገንዘብ ሳይሆን አጋር ፈልጊ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር እኩል የዩኒቨርሲቲ ሥራ ስላደረገው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የመምህር ሰዓት ለመፍቀድ የሚጠቅሰው ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው የማኅበራዊ ጥናት መድረክም ጥናትን ለሕዝብ ውይይት ማቅረብ ልማዱ ነው።

ቋንቋው ላይ ረጋ በዪ። እንግሊዝኛውን ጽሑፍ ለተርጓሚ ሰጥቶ መገላገል አይቻልም። አንዱን ቃል ብቻ እዪው፦ ጽሑፍሽ ውስጥ የሰዎቹ መነሣትና መስፈር ሲነገር፣ መዝገበ ቃላት ያየ ተርጓሚ «ሰፈራ» ይለዋል። እዚህ ያለ ትልቅ ሰው «ሰፈራ» ሲባል የሚሰማው የ1977ቱን፣ የድርቁን ዘመን ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት «ተነሺ» ብለው ነው፤ ክርክራቸውም በ«ካሳ» እና በ«ምትክ ቦታ» ነው። ኮንዶሚኒየም የገባው ደግሞ በ«ሳይት»፣ በ«ብሎክ»፣ በ«ዕጣ»፣ በ«20/80» ይናገራል። በመጀመሪያ ባለ 2 ገጽ የቃላት ዝርዝር አዘጋጂና ለሁለት የሰፈር ሰዎች አንብቢላቸው፣ ከዚያ ብቻ ወደ ትርጉም ሂጂ። ለዚህም በበጀቱ ውስጥ የተለየ መስመር ይኑረው።

አማርኛ ብቻውን አይበቃም። ኮዬ ፈጬ ላይ የካቲት 2011 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የተነሣውን ተቃውሞ ታስታውሺያለሽ፤ ከመሬቱ የተነሣው የአርሶ አደር ቤተሰብ የሚሰማውን በአፋን ኦሮሞ ካልሰማ «ይኸው ዛሬም ሌላ ሰው ስለኛ ይናገራል» ቢል አይፈረድበትም። በሁለት ቋንቋ ሲነገር ጊዜው እጥፍ ይሆናል፦ የ40 ደቂቃ ንግግር 80 ይወስዳል። ስለዚህ ከጥናትሽ ሦስት ግኝት ብቻ ምረጪ፤ ሰባት ይዘሽ ከመጣሽ አራተኛው ላይ ሰዉ ቡናውን ፍለጋ ይነሣል። ተርጓሚው ከስብሰባው 3 ቀን ቀደም ብሎ ጽሑፉ እጁ ላይ ይግባ።

ቡክሌቱ 16 ገጽ ይሁን። በመሀሉ በሽቦ የሚሰፋ ቡክሌት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 18 ገጽ ብለሽ ከላክሽ ሁለት ባዶ ገጽ ትከፍያለሽ። የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ ተነባቢና አናባቢ ስለሚደጋገምበት ከአማርኛው ይረዝማል፤ ሁለቱን ቋንቋ ፊት ለፊት ካስቀመጥሽ ገጹን በአማርኛው ልክ አትቁረጪው። ፊደሉ በድሮው የመተየቢያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ ከተተየበ ማተሚያ ቤቱ ሲከፍተው ሌላ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በዩኒኮድ አስተይቢ፣ ፊደሉ ውስጡ የገባበት ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ፣ አንድ ቅጂ አሳትመሽ ሳታነቢ 500 አታሳትሚ። ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ውሰጂ፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን በጽሑፍ ይንገሩሽ። የፕሮፎርማ ዕድሜው የቀናት ነው፤ የብር ምንዛሪም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ በጀቱ ላይ የተጠቀምሽበትን ምንዛሪና ቀኑን ጻፊ።

ከማተምሽ በፊት ሌላም አለ። የምርምር መጽሔት ላይ «ብሎክ 47፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ የሦስት ልጆች እናት» ብትዪ ቶሮንቶ ማንም አያውቃትም፤ እዚህ ግን ዘበኛው ሳይቀር በስሟ ይጠራታል። ለምርምር መጽሔቱ ከሰዎቹ የተገኘው ፈቃድ ለሰፈር ስብሰባ አይሠራም። የሥነ ምግባር ኮሚቴሽን የማሻሻያ ፈቃድ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ስብሰባው በዕድር በኩል ይሁን፤ እሑድ፣ ከወርኃዊው ስብሰባ ቀጥሎ፣ ሰው ሳይበተን። በሕንፃው የባለቤቶች ማኅበር ብቻ ከጠራሽ ግን ተከራዩ ይቀራል፤ እዚያ አባል የሚሆነው የቤቱ ባለቤት ነውና። ተከራዩ ግማሽ ታሪክሽ ነው። ፈቃድ የሚጻፈው ለየትኛው ወረዳ እንደሆነም አስቀድመሽ አጣሪ፤ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 መጨረሻ ከተካለለ ወዲህ የድሮ አድራሻ ይዞ የሚመጣ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። ምግቡ የጾም በያይነቱ ይሁን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይበላል፣ የሥጋ ጥያቄም አይነሣም።

ስለ ደረሰኝ። ቡና የምታፈላው ሴት የግብር ከፋይ ቁጥር የላትም፤ የዩኒቨርሲቲሽ ፋይናንስ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይሰማም። መፍትሔው መስተንግዶውን በሙሉ ዕድሩ እንዲያዘጋጅና በገቢ ደረሰኙ፣ በማኅተሙ እንዲቀበል ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ በቴሌብር ብትልኪ የግብይቱ ቁጥር ማስረጃ ይሆናል፤ ይህ በፋይናንሳችሁ ተቀባይነት እንዳለው ግን አስቀድመሽ በኢሜይል አረጋግጪ። ስምና ፊርማ ያለበት የክፍያ ቅጽ ሌላ፣ የስብሰባ መገኛ ቅጽ ሌላ ይሁን። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው የተሳታፊዎቹን ስልክ ለማያውቀው ሁሉ አስረክቧል ማለት ነው። ገንዘቡ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ አይግባ፤ የኔም ቢሆን። በውል ከአንድ የተመዘገበ ድርጅት ጋር ሥሪ። ያ ድርጅት ደግሞ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚገደድ፣ የአስተባባሪ ደመወዝ የት እንደሚመደብ ከመፈራረማችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

አሁን ቀኑን እናስላ። ማመልከቻ በዓመት አራት ጊዜ ይቀበላሉ፤ የቀረበው እናንተ ፌብሩዋሪ 1 የምትሉት፣ እኛ ዘንድ ጥር 24 ነው። 75 ቀን አለሽ ማለት ነው። በምሥራቅ ካናዳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲዘጋ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ የዕድር ጸሐፊ በዚያ ሰዓት ተነሥቶ ማኅተም አይመታልሽም። የራስሽ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮም ቀደም ብሎ ስለሚጠይቅሽ ደብዳቤዎቹ ከጥምቀት በፊት ይለቁ። ውጤቱ ወራት ይፈጃል፣ ከዚያ ክረምቱ ይገባል። በሐምሌ ጭቃ ማንንም አንሰበስብም፤ ትርጉሙንና ኅትመቱን በክረምት ጨርሰሽ ስብሰባውን ጥቅምት ላይ አድርጊው። ሥራው ከኅዳር 15 በፊት ካለቀ ጾመ ነቢያትም አይገባም፣ መንገዱም ደርቋል።

እስከ ታኅሣሥ 10 አንድ ገጽ አማርኛ ላኪልኝ፦ ሦስቱ ግኝቶች፣ የቦታው ስም፣ ከዕድሩ የምትፈልጊው ነገር። ጸሐፊው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ይገኛል፤ እወስድለታለሁ። ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በርበሬ ካስፈለገሽ ቶሎ ንገሪኝ፤ በገና ሰሞን ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለ።

የዘወትር ወዳጅሽ