ቀልድ ሳይፈተን ለበዓል አይቅረብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ላይ ቀልድ ሳያስቅ ሲቀር ወቀሳው ሁሉ ኮሜዲያኑ ላይ ይወርዳል፤ «ተሰጥኦ የለውም» ይባላል። ይህ ፍርድ ያለ አግባብ ነው። ቀልዱ ብዙውን ጊዜ ሰው ፊት የሚነገረው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው በቀረጻው ዕለት ነው።

አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ፔኦሪያ፣ ኢሊኖይ ተወልዶ አያቱ በሚያስተዳድሩት የሴተኛ አዳሪዎች ቤት አደገ። በ1963 ኒውዮርክ ገብቶ የሌላውን ኮሜዲያን የቢል ኮስቢን ዓይነት ለዘብ ያለ ቀልድ እያቀረበ ገበያ አገኘ። በ1967 ግን ላስ ቬጋስ፣ አላዲን ሆቴል ውስጥ ዝግጅቱን አቋርጦ ከመድረክ ወረደ። ያደገበትን ሰፈር ሰካራምና ሰባኪ በራሳቸው አንደበት ማናገር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1979 ለሲኒማ በበቃው የመድረክ ሥራው የልብ ሕመሙን ሲጫወት ልቡ ራሱ ይናገራል። ልቡ ይቆጣል፣ እሱ ይለምናል፤ ደረቱን በጡጫ ይዞ ይንበረከካል፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮሜዲ ስቶር በተባለው ክበብ በተመልካች ፊት ደጋግሞ ሞክሮታል። በ1982 የወጣው ፊልሙ ሆሊውድ ፓላዲየም ሲቀረጽ እንኳ የመጀመሪያው ምሽት አልሳካ ብሎት ሌላ ምሽት አስፈልጎታል።

ሙከራ የሚያሳየው ጥቃቅኑን ነው። የሚያስቀው ቃል ከወጣ በኋላ «አይገርምም?» ከተጨመረበት ሳቁ እዚያው ይቆረጣል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር መግባት ያለበት ሳቁ ጣራ ነክቶ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ከቀደመ ቃሉ በሳቅ ይዋጣል፣ ከዘገየ አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ይህን ብቻውን መስታወት ፊት የሚለማመድ ሰው ሊያውቀው አይችልም።

ስቱዲዮው ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። እንግዶች በየጠረጴዛው ተበታትነው፣ ከመድረኩ ርቀው ይቀመጣሉ። ማይክ ለኮሜዲያኑ ብቻ ስለሚሰጥ ሰው ቢስቅም ሳቁ እቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ለሚያይ ተመልካች በቅጡ አይሰማም። ወንበሩን ወደ መድረኩ ማስጠጋትና ከተመልካቹ በላይ ሁለት ማይክ መስቀል ብዙ ወጪ የለውም።

አዘጋጆች ከቀረጻው አንድ ወር በፊት ከሃምሳ እስከ መቶ ሰው በሚይዝ ቤት አምስት ስድስት ምሽት ለሙከራ ይስጡ፤ ቀረጻውም ሁለት ምሽት ይሁን። ጋዜጣችሁም ኮሜዲያን ሲያነጋግር ስለ ተሰጥኦው ከመጠየቁ በፊት ቀልዱን የት የት እንደሞከረውና ምን ምኑን ቆርጦ እንደጣለ ይጠይቅልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመድረክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ