ናፍቆቱ የእጅ ሥዕል ከሆነ ከፕላስቲኩ በፊት ወረቀቱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድሮው የጃፓን አኒሜሽን ናፍቆትና ስለ ሰብሳቢዎቹ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ምክሩን ግን አልወደድኩትም። ምክሩ ስለ ሴል ነው፣ ማለትም በድሮው አሠራር ሥዕሉ ስለሚቀባበት ግልጽ ፕላስቲክ። «ዋናውን ሴል ገዝቶ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ ብርሃን በሚያገኝ ግድግዳ ላይ መስቀል» የሚለው ነገር ገንዘብም ሥዕልም የሚያስበላ ነው። «በእጅ የሚሳለው አኒሜሽን ጠፋ» የሚለውም ልክ አይደለም። በጃፓን ዛሬም በወረቀት ላይም ሆነ በስክሪን ላይ በብዕር የሚስለው የሰው እጅ ነው። የጠፋው ሴሉ እና እሱን አንድ በአንድ የሚያነሳው የፊልም ካሜራ ነው። አብዛኞቹ ስቱዲዮዎች በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቀለም መቀባቱን ወደ ኮምፒውተር አዛወሩት። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን እየቀረበ በሴል ሙጭጭ ብሎ የቆየው «ሳዛኤ-ሳን» እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ተወው።

ሰብሳቢ ከመግዛቱ በፊት ማወቅ ያለበት ትልቁ ነገር፣ በሴሉ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር በአብዛኛው የአኒሜተሩ እጅ አለመሆኑን ነው። ሥራው የሚጀምረው በወረቀት ነው። አኒሜተሩ የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና ቦታዎች በእርሳስ ይስላል፤ ይህ ጌንጋ ይባላል። የአኒሜሽን ዳይሬክተሩ ስስ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ በላዩ ደርቦ ፊቱን ወይም አቋሙን ያርማል፤ እርማቱ ሹሴይ ነው። ከዚያ ሌሎች ሠራተኞች ሁሉንም በንጹሕ መስመር ይገለብጣሉ፣ በመካከል የጎደሉትንም ይሞላሉ፤ ይህኛው ዶጋ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዶጋውን፣ ካርቦን ወረቀትንና ሴሉን ደራርቦ በሚያሞቅ ማሽን ውስጥ ማሳለፍ የተለመደ ሆነ። የእርሳሱ ጥቁረት ሙቀቱን ስለሚስብ ካርቦኑ መስመሩ ባለበት ብቻ ቀልጦ ሴሉ ላይ ይቀራል። ከዚያ በፊት መስመሩ በቀለም በእጅ ይገለበጥ ነበር። ቀቢዎቹ ደግሞ ሴሉን ገልብጠው በጀርባው በኩል ቀለሙን ይሞላሉ። እንግዲህ ሴል የገዛ ሰው በእጁ የገባው የቀቢው ሥራ ነው። ያ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው፤ ግን ያን ሩጫ፣ ያን ዘወር ያለ ዓይን የሳለውን እጅ የሚፈልግ ሰው ጌንጋውን ይፈልግ። ዋጋውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከሴሉ ይረክሳል፤ ቀለም ስለሌለው ብቻ!

እንዲያም ሆኖ ሴሉ ይመረጥ ከተባለ ጥግ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል። መደበኛ የቴሌቪዥን ሴል 27 በ23 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ በላይኛው ጠርዝ ሦስት የመሰኪያ ቀዳዳዎች አሉት፤ መሃሉ ክብ፣ ግራና ቀኙ አራት ማዕዘን። ጥጉ ላይ ኤ1፣ ቢ4 የሚመስል ምልክት አለ። ፊደሉ ንብርብሩን፣ ቁጥሩ ተራውን ያመለክታል። ኤ ብዙ ጊዜ አካሉ ነው፤ ቢ ወይም ሲ አፉ፣ ዓይኑ ወይም እጁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ አሠራር በጃፓን ቴሌቪዥን ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1963 የካርቱን ሠሪው የኦሳሙ ቴዙካ ስቱዲዮ፣ ሙሺ ፕሮዳክሽን፣ የአገሩን የመጀመሪያ የግማሽ ሰዓት ሳምንታዊ ተከታታይ በርካሽ ማቅረብ ሲጀምር ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ክፈፍ (ነጠላ ምስል) ይሮጣል፤ አንዱን ሥዕል ለሦስት ክፈፍ በማቆየት በሰከንድ 8 ሥዕል ይበቃል፤ ሰው ሲያወራ ደግሞ አካሉን አቁሞ አፉን ብቻ ዝግ፣ ግማሽ ክፍት፣ ክፍት እያሉ መለዋወጥ ነው። «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ ያዘዘ ጀማሪ ፖስታውን ሲከፍት በባዶ ፕላስቲክ መሃል ተንሳፍፎ የቀረ አፍ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ሻጩ አላታለለውም፤ ጥጉ ላይ ቢ3 ተብሎ ተጽፏል።

ሌላው ጀማሪን የሚያስደነግጠው ብርሃኑ ነው። የሚያበራ ሰይፍ፣ የጨረር መሣሪያ፣ የሞተር እሳት በሴሉ ላይ የለም። ያ ብርሃን የካሜራ ሥራ ነው፤ በጥቁር መሸፈኛ ላይ ቀዳዳ ይተዋል፣ ከሥር መብራት ይበራል፣ ያው ፊልም ሁለተኛ ይነሳበታል። በሴሉ ላይ የሚገኘው ባዶ ቦታ ወይም ጥቁር ነው፤ «ጎደለ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። መደቡም እንዲሁ ነው። አንድ የጀርባ ሥዕል ለብዙ ሴል ስለሚያገለግል አብዛኛው ሴል ያለ መደብ ይሸጣል፤ አብሮት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ የቀለም ፎቶ ኮፒ ነው። እውነተኛው መደብ በፖስተር ቀለም በወረቀት ላይ የተሳለ ስለሆነ ጎን ለጎን ብርሃን ሲያገኝ የብሩሹ ዱካ ይታያል። ኮፒው ደግሞ በአጉሊ መነጽር ነጠብጣብ ነው።

እውነተኛነቱ የሚለየው ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነው። በእጅ የተቀባ ጀርባ ወፍራምና ስስ ቦታ አለው፣ ቀለሞቹ ከመስመሩ ሥር ይደራረባሉ፣ አንዳንዴም የጣት አሻራ አይጠፋበትም። ለሽያጭ የታተመው ቅጂ ጀርባው እንደ ፊቱ ልሙጥ ነው፣ የተራ ቁጥርም የለውም። ለፖስተርና ለመጽሔት ተብለው የተቀቡት ግን ቁጥር ስለሌላቸው ብቻ ሐሰተኛ አይባሉም፤ በእጅ የተሠሩ ናቸው፣ ካሜራ ፊት አልቀረቡም እንጂ። መስመሩ በብዕር መሆኑም ብቻውን የሐሰተኛነት ማስረጃ አይሆንም፤ ከማሽኑ በፊት የነበሩትም እንደዚያ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ሴል ሴሉሎስ አሴቴት ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ራሱን እየበላ አሴቲክ አሲድ ይተፋል። አሲዱ በተራው መበላቱን ያፋጥነዋል። ከዚያ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ይንሻፈፋል፤ ቀለሙ አብሮት መኮማተር ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል። በአሜሪካ፣ በሮችስተር የሚገኘው የምስል ዘለቄታ ተቋም ለፊልም ባወጣው ግምት መሠረት አዲስ አሴቴት በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ50 በመቶ እርጥበት ሲቀመጥ ይህ ነገር እስኪጀምረው 40 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቀቡት ሴሎች እዚያው ደርሰዋል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ በሞቀ ቤት ያደሩትማ አልፈውታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ምልክቱን አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። የመጀመሪያው መሣሪያ አፍንጫ ነው። ከረጢቱ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ተጀምሯል። ከዚያ በፊት ለማወቅ የዚያው ተቋም የአሲድ መለኪያ ወረቀት አለ። ሰማያዊ ነው፤ ከሴሉ ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በክፍል ሙቀት አንድ ቀን ያህል ሲያድር አሲድ ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ከባሰም ወደ ቢጫ ይለወጣል። መለኪያው ከ0 እስከ 3 ሲሆን 1.5 ላይ ሲደርስ ጉዳቱ በራሱ ፍጥነት መሮጥ ይጀምራል። የሸተተው ሴል ወዲያው ከጤነኞቹ ይለይ፣ አሲዱ ወደ ጎረቤት ይተላለፋልና። ማዳን አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። አሲድ የሚስብ ዚዮላይት ያለበት ወረቀት ከኋላው ማድረግ፣ አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ። ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይገባም። ፊልም የሚወደውን ቅዝቃዜ ቀለሙ አይችለውም፣ ይደርቅና ይረግፋል። ከ20 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀትና ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት የሚበጀው መካከለኛ ነው። ከዚያ በታች ሲደርቅም ቀለሙ ይነሳል።

ማስቀመጫ ኪሱ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ይሁን። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ለስላሳ፣ አዲስ ጫማ ጫማ የሚሸተው ፕላስቲክ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። የኪሱ አፍ አይታሸግ፤ የታሸገ ሴል የገዛ ጋዙን እየተነፈሰ ይከርማል። ቁልል ማድረግም ክፉ ነው፣ ክብደቱ ቀለሙን ከላይኛው ላይ ያጣብቀዋል። ጠፍጣፋ ሆኖ ጥቂት ብቻ ይደራረብ፣ ወይም በአልበም ይቁም።

ብዙ ሴል ከዶጋው ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ወረቀቱ ከሥሩ ተደርጎ በስቱዲዮው ተከምሯል። እዚህ ላይ የሰው እጅ አያርፍም። ሲጎተት የሚነሳው ወረቀቱ ሳይሆን ቀለሙ ነው፤ ፊት የነበረው ቦታ ቀዳዳ ይሆናል። በውኃ ማራስ፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ የሚመክር አይጠፋም፤ አይሰማ። ተጣብቆ ይቅር፣ ከፊት ሲታይ ምንም አይጎድለውም። የሚያናድደው የመስመሩ መደብዘዝ ነው። ያ የቀለጠ ካርቦን ከጊዜ ጋር ወደ ቡናማ፣ ኋላም ወደ ምንም ይሄዳል፤ አፍንጫና የከንፈር መስመር ቀድመው ይጠፋሉ፣ ቀጭን ናቸውና። በብዕር ላስተካክል ያለ ሰው ሴሉን ቅጂ አደረገው። ሲገዙ ታዲያ የተራ ቁጥሩን፣ የዓይኑን ጠርዝና የአፍንጫውን መስመር ቀረብ ብሎ የሚያሳይ ፎቶ መጠየቅ ነው፤ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ተደርጎ።

ግድግዳ ላይ መስቀልን በተመለከተ፣ ሴል ለዓመታት የሚሰቀል ዕቃ አይደለም። ከተሰቀለም ጥቂት ወራት፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ 50 ሉክስ ገደማ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት የሚያጣራ መስተዋት ወይም አክሪሊክ ተደርጎለት፣ በመስተዋቱና በሴሉ መካከል በወፍራም ካርቶን ክፍተት ተትቶ። ሴሉ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ጥጎቹ በወረቀት ማዕዘን ይያዙ።

ወረቀቱ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ጌንጋ አሲድ ባለው ስስ ወረቀት ላይ ስለሚሳል ይበልዛል እንጂ አይቀልጥም። አሲድ የሌለው ማህደር፣ ጨለማ፣ መጠነኛ እርጥበት ይበቃዋል። ብረት አግራፍና ፕላስተር ወጥቶ ይጣል (ፕላስተሩ ካልላቀቀ አይታገሉት)፣ ላሚኔት ማድረግ ግን ነውር ነው። እውነተኛነቱን ማጣራትም ቀላል ነው። ወረቀቱን በመብራት ፊት ጋደል ሲያደርጉት እርሳሱ ያብለጨልጫል፣ የፎቶ ኮፒው ቀለም ግን ድፍን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሲገለበጥ የእርሳሱ ጫና በጣት ይዳሰሳል። የጥላውን ወሰን የሚያሳዩ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች፣ በክብ የታሰሩ ቁጥሮች፣ በዳር በኩል ደግሞ እንደ መሰላል ጭረት የተደረገባት ትንሽ መስመር ይገኛሉ። ያቺ መስመር በሁለቱ ቁልፍ ሥዕሎች መካከል ስንት ሥዕል እንደሚገባና ወደየትኛው እንደሚጠጋጉ ትናገራለች፤ እንቅስቃሴው ቀስ ብሎ ተነስቶ እንዴት እንደሚፈጥን እዚያ ላይ ይነበባል። ይህን ሴል ላይ ማግኘት አይቻልም።

ሥራዎቹ የሚታዩበትን ዲስክ ባጭሩ ልለፈው። ሌዘር ዲስክ፣ ማለትም ከዲቪዲ በፊት የነበረውን ትልቅ የቪዲዮ ዲስክ፣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫውቶ ይይ፤ ሙጫው ያሾለከው አየር አሉሚኒየሙን ሲበላው ምስሉ ላይ የቀለም ፍንጣሪ ይዘንባል፣ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ማጫወቻውን ማምረት ፓዮኒየር በ2009 አቁሟል። በፊልም የተቀረጸ የ1980ዎቹ ሥራ እንደገና ስለሚቃኝ በብሉሬይ ያምራል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዝቅተኛ ጥራት በኮምፒውተር ያለቀው ግን ከነበረበት አይሻልም። ሁለት ነገር ይጣራ፤ ምስሉ 4 ለ3 መሆኑ (ወደ 16 ለ9 የተቆረጠው ከቁመቱ ሩቡን አጥቷል) እና የፊልሙ ብናኝ (አቧራ ሳይሆን የፊልሙ የራሱ የምስል ቅንጣት) በኮምፒውተር አለመታጠቡ። ብናኙ ሲታጠብ ቀጭን የፀጉር መስመሮች አብረው ይሄዳሉ።

በመጨረሻም ለሻጮች የምለው አለኝ። የአንድ ቀረጻ ጌንጋ፣ እርማትና የጊዜ ሠንጠረዥ በአንድ ፖስታ ነበር የሚቀመጠው፤ ፖስታው ላይ የክፍሉና የቀረጻው ቁጥር አለ። ቆንጆዋን ፊት ብቻ መዞ ሸጦ ሌላውን መጣል ተለምዷል። የጊዜ ሠንጠረዡ ሲጠፋ የትኛው ሥዕል ለስንት ክፈፍ እንደቆየ የሚናገር አይቀርም። ገዢም ፖስታውን ከነ ሠንጠረዡ ይጠይቅ፤ ለብቻው የቀረበለትን ፊት ከመግዛቱ በፊት ሌሎቹ የት እንዳሉ ይጠይቅ። ሙሉ ፖስታ ያገኘ ደግሞ ሉሆቹን በቅደም ተከተል እንዳሉ በእርሳስ ይቁጠራቸው፤ ቁጥሩንም ሥዕሉ ላይ ሳይሆን በማህደሩ ላይ ይጻፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ