ቱምቢ ያልጣልኩበት ግድግዳ

ልጄ፣

ዓርብ ጋቢ ላደርስልሽ የካ አባዶ፣ ፊልም የምትቀርጹበት ድረስ መጥቼ ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሥር ብዙ ቆምኩ፤ አላየሽኝም። ልጠራሽ ብዬ ተውኩት። ዳይሬክተሯን አባቷ መጥቶ "ምሳ በላሽ ወይ?" ቢላት ሰው ምን ይላል?

ካሜራማኑ በዕድሜ ወደ እኔ ይጠጋል። ተዋናይቷ በጨረሰች ቁጥር የምታየው አንቺን ሳይሆን እሱን ነው። አንቺ "ካት" ስትይ እሱ ትንሽ ቆይቶ ያቆማል። በሦስተኛው ጮህሽ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ምንም አልመሰለውም።

በ24 ዓመቴ ፎርማን ሆኜ ስገባ እኔም ጯሂ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ "ኢንጂነር፣ ይሄ ግድግዳ ቀጥ ብሏል?" አለኝ። ኢንጂነር አልነበርኩም፤ እያሾፈ ነው። ቱምቢ፣ ያቺን ጫፏ ላይ ክብደት የታሰረባትን ገመድ፣ ጥሎ ማየት የደቂቃ ሥራ ነበር። ያላወቅሁ እንዳልመስል "ቀጥል" አልኩት። በማግስቱ አፈረስነው። ሲሚንቶው ተረሳ፣ ሳቃቸው ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ "ቆይ፣ እንለካው" ማለት ለመድኩ። ሽማግሌውም "ኢንጂነር" ማለቱን ትቶ በስሜ ጠራኝ።

ዓርብ አንቺ ከጮህሽ በኋላ ዝናቡ መጣ። ከተጠለሉት መሃል ጋቢሽን ተከናንቤ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ዞሮ ካሜራማኑን አየ። አንቺ ወረቀትሽን አገላበጥሽ። "ንግግር የሌላቸውን እንጨርስ። መጀመሪያ ጀበናውን ስታነሳ፣ ቀጥሎ መስኮቱ። መስኮቱን ከየት እንደምንይዘው አልወሰንኩም፤ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" ቦታ አሳየሽ። "ትንሽ ወደ ግራ" አልሽው። ካሜራውን አንስቶ ወደ ግራ ሄደ! ከዚያ በኋላ ተዋናይቷ ማንን ስታይ እንደዋለች አንቺም አላስተዋልሽም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ዓርብ ቀን ምሳው ጥብስ ነበር። ሪፍሌክተር፣ ያንን ብርሃን የሚመልሰውን ሰሌዳ፣ የሚይዘው ልጅ ደረቅ ዳቦ ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ያዘዘው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ቅሬታው ግን ዞሮ አንቺ ጋ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ የቅዳሜ ክፍያ ካደረ ሰኞ ሲሚንቶ የሚያቦካ አይገኝም ነበር። ማን እንደሚጾም ቀድመሽ አስጠይቂ።

ጋቢውን ለዚያው ልጅ ሰጥቼው ሄድኩ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአንቺ ሌላ አለ። ረቡዕ ከሽሮ ጋር አመጣዋለሁ። ከ11 ሰዓት በፊት እደርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለፀሐይዋ ስትሯሯጡ ማንንም አታናግሪም።

አባትሽ