ክፉ ክፉውን ከእኛው አፍ ይስሙት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወሎ ከተሞች በየመሥሪያ ቤቱ በር የሚለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይህችን አባባል በቃሉ ይዟታል፤ «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት አገልግሎት ስለተቋረጠ በትዕግሥት እንድትጠባበቁ»። ምኑ ተበላሸ? የትኛው ሰፈር? እስከ መቼ? የለም። ምንም ሳይነግሩ ትዕግሥት መጠየቅ ንቀት ነው፤ ጸሐፊው እንዲያ ባያስብም አንባቢው እንዲያ ይረዳዋል። በሕዝብ ግንኙነት ሙያ ያለን ሰዎች «ሕዝቡ አያምነንም» ብለን ከማማረራችን በፊት የጻፍነውን መለስ ብለን እንየው።

የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ረጅም መሆን የለበትም። የተበላሸው ፓምፕ ነው፣ መስመር ነው ወይስ መብራት ጠፍቶ ነው? የሚነኩት ሰፈሮች በስም ይጠሩ፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው ቁጥር ይኑርበት። ውኃው የሚመለስበት ቀን ካልታወቀ ደግሞ «አልታወቀም፤ የደረሰበትን ነገ በ10 ሰዓት እንነግራችኋለን» ይባል። ብዙው መሥሪያ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አለቃው «አልታወቀም» ማለት ድክመት ስለሚመስለው «በቅርቡ» ተብሎ ይወጣል። «በቅርቡ» የተባለላት እናት ጀሪካኑን ለሁለት ቀን ታብቃቃው ወይስ ለሳምንት? በማግስቱ በ10 ሰዓት «ገና ነው» ብሎ የሚመለስ መሥሪያ ቤት፣ ጥገናው ባያልቅም ቃሉ ይታመናል።

ጎበዝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል። ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል። ከመርፌው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ወይም የተወጋው ቦታ እብጠት ሊኖር እንደሚችል ያልተነገራት እናት፣ ልጇ ሌሊት ሲያተኩስ «ምን ወጉብኝ?» ትላለች። በ10ኛው ሳምንት ትቀራለች፤ ወሬውን ቡና ላይ የሰሙ ጎረቤቶቿም ይቀራሉ። አስቀድሞ የተነገራት ግን ትኩሳቱ ሲመጣ ባለሙያዋ እውነቷን እንደነበር ታያለች። ደግሞም ማስረዳት ከመጀመራቸው በፊት «እስኪ እህቴ፣ ስለ ክትባቱ ምን ሰምተሻል?» ብለው እስክትጨርስ ዝም ይላሉ። ሳይጠይቅ የሚያስረዳ ሰው እሷ ያልነበራትን ፍርሃት አስተምሯት ይሄዳል።

ስብሰባውም ያው ነው። ውሳኔው አልቆ «ለውይይት» ይጠራል፤ ሸኹና ቄሱ ከፊት ተቀምጠው ይመርቃሉ፤ ከዚያ አፍ የሚከፍትላቸው የለም። ደም የተቃቡትን አስታርቀው ደም የሚያደርቁ አበጋሮች ባሉበት አገር ሽማግሌን ለጌጥ መጥራት ያሳፍራል። የተወሰነ ነገር ካለ በመክፈቻው «ይህ ተወስኗል፤ በእናንተ እጅ ያለው ይህ ነው» ማለት ይቻላል፤ ቁጣው መጀመሪያ ላይ ይወጣና የቀረው ጊዜ ለሥራ ይሆናል። የባቲን ሰው በገበያ ቀኑ ሰኞ፣ ሙስሊሙን ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ጠርቶ «ሕዝቡ አልተሳተፈም» ብሎ ሪፖርት መጻፍም አለ። ባቲ ላይ በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ወረቀትም ኦሮምኛ ተናጋሪውን አላናገረም።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለው። በመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ሲከለክልም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ሲጠይቅ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሥራ ነው፤ «ማመልከቻ ጽፈው ይምጡ» ብሎ ሽማግሌን መመለስ አይቻልም።

ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ልመና አለን። የምንልክላችሁን መግለጫ እንዳለ አታውጡት። ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደነካና መቼ እንደሚፈታ ካልተጻፈበት ደውላችሁ ጠይቁን፤ ካልመለስን «ተጠይቀው አልመለሱም» ብላችሁ አውጡት።

በሕዝብ ግንኙነት ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች
ከደሴ